ከሚስማሩ የጠፋው ጣሳ

ባለፈው ረመዳን እናቴን ልጠይቅ ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ሄጄ ነበር። ከልጄ ጋር በገበያው መንገድ ስንወርድ አንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ ደረስን። በርበሬ እየተፈጨ ነው። ልጄን አስነጠሳት፤ ደጋግሞ አስነጠሳትና አፏን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። የመጀመሪያ ጾሟ ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት እጾማለሁ ብላ ከቤት ወጥታለች።

“እማዬ፣ አፌ ውስጥ ገባ። ጾሜ ፈረሰ?” አለችኝ።

አልፈረሰም አልኳት። እጇን ይዤ መሄድ ነበረብኝ፤ እግሬ ግን አልሄድ አለኝ። ከበሩ የሚወጣው ብናኝ ፀሐይ ውስጥ ቀይ ሆኖ ይንሳፈፋል። ሞተሩ ያንኮራፋል። ያን ሽታ ሳሸት ሁልጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ። ልጄ የጠየቀችኝን ጥያቄ እኔም በዚያ ዕድሜዬ አባቴን ጠይቄዋለሁ።

አባቴ ነስሩ በርበሬ ፈጪ ነበር። ይሠራበት የነበረው ወፍጮ ቤት ሁለት ወፍጮ ነበረው፤ አንዱ ለእህል፣ አንዱ ለበርበሬ። ሁለቱንም የሚያዞረው በናፍጣ የሚሠራ አንድ ትልቅ ሞተር ነው። ከሞተሩ ወደ ወፍጮዎቹ የሚሽከረከር ሰፊ የጎማ ቀበቶ አለ፤ ቺንጋ ይሉታል። ልብስ የያዘ እንደሆነ ሰውዬውን ጭምር ይዞ ይሄዳል ይባል ስለነበር እኔ በዚያ በኩል አላልፍም ነበር።

ሠራተኞቹ ሦስት ናቸው። አባቴ በርበሬውን፣ ጋሽ ወልዴ እህሉን ይፈጫሉ። እትዬ አስካለ ደግሞ ሚዛኑ ዘንድ ሆነው ወረፋ ያስይዛሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ተሳዳቢውን ይሳደባሉ። ጋሽ ወልዴ ረጅም ናቸው። ቅንድባቸውና ሽፋሽፍታቸው ሁልጊዜ በዱቄት ነጭ ስለሆነ በጣም ያረጁ ሰው ይመስሉኝ ነበር። አንድ የበዓል ቀን ታጥበው መንገድ ላይ ሳገኛቸው አላወቅኋቸውም፤ ልጃቸው መስለውኝ ሰላም ሳልል አለፍኩ።

ከረመዳን ውጭ ሥራዬ ምሳ ማድረስ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ እናቴ ቆጮውንና ጎመኑን በሳህን አድርጋ፣ በጨርቅ ቋጥራ ትሰጠኛለች። እዚያ ስደርስ ሁሉም ያላቸውን አምጥተው አንድ ትሪ ላይ ያደርጉታል። ሥጋ ያለ ቀን ትሪው ሁለት ይሆናል፤ የእስላሙ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ። ስለዚህ የሚናገር ሰው አልነበረም። ውሃው ግን ምንጊዜም የጋራ ነው። በሩ ጎን ጀሪካን አለ፤ ከጀሪካኑ በላይ ሚስማር፣ ሚስማሩ ላይ ዙሪያው የተጨረማመተ ጣሳ። ሠራተኛውም ወረፋ ጠባቂውም ይጠጣበታል።

የዚያን ዓመት ረመዳን ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ ዋለ። ያ የበርበሬ ወቅት ነው። ከመስቃንና ከማረቆ የመጣው በርበሬ ከተማውን ያቀላዋል፤ በየግቢው ሰሌን ላይ ይሰጣል፣ ሴቶች በየደጁ ይቀነጥሱታል፣ ልጆች በእጃቸው ዓይናቸውን ነክተው ይጮኻሉ። ወፍጮ ቤቱ ከጠዋት እስከ ምሽት ወረፋ ነው።

ጾሙ ሊገባ ባለበት ሰሞን እናትና አባቴ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ያለፈው ዓመት ረመዳን አባቴ ከሰዓት በኋላ በርበሬ እየፈጨ ሳለ ራሱን ስቶ መውደቁን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። የወደቀው ከቺንጋው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሀጂ፣ ይሄን ወር ዕረፍ፣ በቦታህ ሌላ ሰው ላስገባ ብለውታል። እናቴም ይረፍ ትላለች፤ ግን ድምፅዋ እንደ ቃሏ አልነበረም። በርበሬ ወቅት ላይ የገባ ሰው ከወቅቱ በኋላ አይወጣም።

አባቴ፣ “እስከ ዒድ ቦታዬ ላይ ከቆየሁ ቆየሁ ማለት ነው” አላት።

ይህን ቃል ይዤ ተኛሁ። በማግስቱ ቦታውን የሚጠብቅለት ሰው እንደሚያስፈልግ ገባኝ፤ ያ ሰውም እኔ ነኝ ብዬ ወሰንኩ።

ረመዳን ገባ። የማደርሰው ምሳ የለም። እግሬ ግን ለምዷልና ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይወስደኛል። እውስጥ፣ በሩ ፊት ለፊት በተደረደረው የፉርሽካ ማዳበሪያ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ። እኔ የምጾመው እስከ ምሳ ሰዓት ነበር፤ እናቴ የልጅ ጾም ትለዋለች። ያንንም ብዙ ቀን አልጨርሰውም። ሞቃታማው ማዳበሪያ፣ የሞተሩ ድምፅ፣ በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባው ቀይ ብርሃን እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኘኛል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው ይቆማሉ። ነቃ ስል ሁሉም ሰው ከውሃ ሥር የሚንቀሳቀስ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ነገር የታየኝ ከዚያ ሆኜ ነው። ሚስማሩ ባዶ ነበር። ጣሳው የለም። ጀሪካኑም የለም።

ወድቆ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። በማግስቱም የለም። ልጅ ነኝ፣ የማውቀውን አንድ ነገር ይዤ አሰብኩ፤ ሥጋው ለብቻ ነው፣ አሁን ደግሞ ውሃው ለብቻ ሊሆን ነው አልኩ። ከአባቴ ጋር በአንድ ጣሳ መጠጣት አልፈለጉም። 

ሁለተኛው የምሳው ነገር ነው። ትሪው ቤት ውስጥ መቅረቡ ቀረ። እትዬ አስካለ አንድ ነገር በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ጓሮ ይሄዳሉ። ጋሽ ወልዴም ይከተሏቸዋል። አንድ ቀን በጓሮ በኩል ስዞር ጋሽ ወልዴን አገኘኋቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አንድ ጉንጫቸው አብጧል። ሲያዩኝ ደነገጡ። ጉንጫቸው እንዳበጠ፣ ሳያላምጡ፣ ሳይናገሩ፣ እስካልፍ ድረስ እንደ ሐውልት ቆሙ። በእጃቸው ቆሎ እንደጨበጡ አይቻለሁ። በፊት ቆሎ ካላቸው ለኔ ሳይዘግኑ አይበሉም ነበር።

ሦስተኛው የባሰ ነበር። ፀሐይዋ ከአናት ስታልፍ አባቴ ከበርበሬው ወፍጮ ወርዶ ወደ እህሉ ይሄዳል፤ ጋሽ ወልዴ ወደ በርበሬው ይመጣሉ። አባቴ በርበሬ ሲፈጭ አፍንጫውን የሚያስርበት ሻሽ ነበረው። ነጭ ነበር ይባላል፤ እኔ የማውቀው እንደ ሸክላ ቀልቶ ነው። እናቴ ስታጥበው ውሃው ይቀላል፣ እሱ ግን አይነጣም። ያን ሻሽ ጋሽ ወልዴ አፍንጫቸው ላይ አስረውት አየሁ። ሴቶች “የነስሩ ልመት ልዩ ነው” እያሉ ከሩቅ የሚመጡበትን ቦታ፣ ከነሻሹ ወሰዱበት።

አባቴ በእህሉ ወፍጮ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ዱቄቱን በጣቶቹ መሃል ያሻል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል። ከሩቅ ዓይናችን ሲገናኝ ፈገግ ይልልኛል፤ እኔ ግን ፈገግታውን የተበደለ ሰው ፈገግታ አድርጌ ነበር የማየው።

የልጄን ጥያቄ የጠየቅሁት በዚያ ሰሞን ነው። አንድ ጠዋት አባቴ ወደ ሥራው፣ እኔ ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ፣ ብናኙ ስለሚገባብህ ጾምህ ይፈርሳል? አልኩት። ሸኹን ጠይቄያለሁ፣ ሳይፈልጉ የሚገባ አቧራ አያስፈታም አለኝ። ከዚያም ጥቂት ሄዶ፣ አያስፈታም፣ ግን ያስጠማል አለ። ሌላውን ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ስለ ጣሳው ብጠይቀው የሚያፍር መሰለኝና ተውኩት።

ይሄ ሁሉ ሳይበቃ ወፍጮው ታመመ።

ማታ ማታ፣ ሰማዩ ብርቱካን መምሰል ሲጀምር፣ ጋሽ ወልዴ ወደ ሞተሩ ሄደው ያጠፉታል። ቺንጋው ሞቋል፣ ትንሽ ይረፍ ይላሉ። ወረፋ የያዙ ሴቶች ያጉረመርማሉ። እትዬ አስካለ፣ የቸኮለ በሙቀጫ ይውቀጥ ብለው ይመልሱላቸዋል። እናቴ ሳይመሽ ግቢ ስላለችኝ እኔ በዚያ ሰዓት ወደ ቤት እሮጣለሁ፤ ከኋላዬ የሞተሩ ድምፅ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ሲሞት እሰማለሁ። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ይሞታል። ወፍጮው ከሞተ አባቴ የሚቆይበት ቦታም የለም። እናቴ መግሪብ ስትሰግድ ከጎኗ ቆሜ፣ ያ አላህ፣ ወፍጮውን አሽርልን እል ነበር። ሌላ ዱዓ አልነበረኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት ሀጂ መጡ። ነጭ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያራገቡ ቆሙና፣ ሰው በየማታው ሞተሩ ይቆማል ይለኛል፣ ምን ሆኖ ነው? አሉ። ጋሽ ወልዴ የቺንጋውን ነገር ነገሯቸው። ሀጂ ቺንጋውን አዩ፣ ከዚያ አባቴን አዩ። ማታ መጥቼ ራሴ አየዋለሁ ብለው ሄዱ።

አባቴን ያዩበት ዓይን አስፈራኝ። ሮጬ ቤት ገባሁ። እናቴ ሾርባ ታማስላለች። አባቴ ቤት ውስጥ የሚጠጣበት ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ኩባያ ነበር፤ አንስቼ ውሃ ሞላሁበት። ወዴት ነው? አለችኝ። “አባዬ የሚያፈጥርበት ጣሳ የለውም፤ ወስደውበታል” አልኳት። ማማሰሉን አቆመች። አንድ እፍኝ ተምር በወረቀት ጠቅልላ በሌላው እጄ አስያዘችኝ።

ውሃው እንዳይፈስ እያየሁ ስሄድ መንገዱ ረዘመብኝ። ስደርስ ሀጂ ቀድመውኝ በሩ ላይ ቆመዋል። ውስጡ ቀይ ነው፤ አየሩ፣ ግድግዳው፣ የሰው ፊት። ጋሽ ወልዴ በበርበሬው ወፍጮ ላይ ናቸው። ከሻሹ በላይ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፤ እሱም ደም መስሎ እንባ ያፈሳል። ወጥተው በበሩ በኩል ሰማዩን አዩ። ሀጂ መኖራቸውን እያወቁ ወደ ሞተሩ ሄዱና አጠፉት።

ድምፁ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ።

“ምን ሆነ?” አሉ ሀጂ።

ጋሽ ወልዴ ሻሹን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉት። ቺንጋው ሞቀ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። “ምንም አልሆነም፣ ሀጂ” አሉ። “አዛን ሊል ነው። ሞተሩ ካልጠፋ እዚህ ቤት አይሰማም።”

ከወረፋው አንዲት ሴት ሳቁ። “እኛስ መቼ ሳናውቅ ቀረን? በየማታው ሰዓቱን ጠብቆ የሚበላሽ ሞተር የት አገር አለ?” አሉ። ሌሎቹም ሳቁ። በአንገታቸው ማተብ ያለባቸው ነበሩ፣ የሌለባቸውም ነበሩ።

ሀጂ አልሳቁም። አባቴን፣ አምና እንዴት ታደርግ ነበር? ብለው ጠየቁት። አባቴ ዱቄት እየነካካ፣ አልሰማም ነበር፣ ጨለም ሲል በግምት አፈጥር ነበር አላቸው። ሀጂ ኮፍያቸውን አጠለቁ። በዚያ ሰዓት እሳቸው ሁልጊዜ ቤታቸው፣ ምግብ ፊት ለፊታቸው ቀርቦ፣ አዛኑን በመስኮት የሚሰሙ ሰው ነበሩ። አሁን ግን እዚያ ቆመዋል።  ብናኙ ቀስ ብሎ መሬት ይወርዳል። እንደዚያ ያለ ዝምታ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ከመስጊዱ በኩል አዛኑ መጣ፣ በቀይ አየር ውስጥ፣ ጥርት ብሎ።

እትዬ አስካለ ከፉርሽካው ማዳበሪያ ጀርባ ጎንበስ አሉ። ሲነሱ የያዙት ያንኑ የተጨረማመተ ጣሳ ነበር። አፉ በሳህን ተከድኗል። ውሃ ሞልቶበታል። ለአባቴ ሰጡት። አባቴ ወደ ሀጂ ዘረጋው፤ ሀጂ ግን መልሰው ወደ እሱ ገፉት። ቢስሚላህ ብሎ ጠጣ። የጉሮሮው እንቅስቃሴ ሁሉ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ሀጂ በዚያው ጣሳ ጠጡ።

እኔ ኩባያዬን ይዤ እንደ ቆምኩ ነኝ። ጋሽ ወልዴ አዩኝ። አይተው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

“ሀያት፣ ይሄን ለኔ ነው ያመጣሽልኝ?”

 አዎ አልኩ። ሰማያዊውን ኩባያ ከእጄ ተቀብለው አንድ ጊዜ ሳይተነፍሱ ጨለጡት። በጢማቸው ላይ የወረደው ውሃ ዱቄቱን አጥቦ ጥቁር መንገድ አበጀ። ከከንፈራቸው እስከ አገጫቸው ሌላ ሰው፣ ወጣት ሰው፣ ብቅ አለ።

ተምሩን አባቴ ለሁሉም አደለ። ሀጂ አንዱን ፍሬ በጣታቸው እያገላበጡ፣ “ወልዴ፣ ከነገ ጀምሮ ቺንጋው ሞቀ እያልክ አትዋሽ። ጾም ነው በል” አሉ። በአባቴ ቦታ ስለሚገባ ሰው ምንም አልተናገሩም። ያን ማታም፣ ከዚያ በኋላም።

ስንመለስ የአባቴን እጅ ይዤ ነበር። ጣሳውን ለምን ደበቁት? አልኩት።

“ውሃ ሳይ እንዳይጠማኝ ብለው ነው።”

“አንተ ነግረሃቸው ነው?”

“አልነገርኳቸውም።”

“በርበሬውስ?”

 ከሰዓት በኋላ እኔ እዚያ ብቆም እወድቃለሁ፣ እሱ ግን ውሃ ስለሚጠጣ አይወድቅም፤ ወልዴ ይህን ብሎ ነው አለኝ። ሻሹን አባቴ ራሱ ነበር የሰጣቸው። ለሀጂም፣ ሌላ ሰው አያስፈልግም፣ እኛ እንሸፍንለታለን ብለው የነገሯቸው ጋሽ ወልዴና እትዬ አስካለ ነበሩ። ይህንን አባቴ ሲነግረኝ ድምፁ ቀጠነ።  አልሀምዱሊላህ ሲል ሰማሁት፤ ለራሱ ነበር።

ዒድ አባቴ ቦታው ላይ እንዳለ ደረሰ። እናቴ ዶሮውንና ሥጋውን ስትሠራ አንድ አዲስ ድስት ለብቻ ጥዳ ነበር፤ በዘይት የተሠራ ምስር፣ ቅቤ ያልነካው ጎመን። የማን ነው? ስላት የገና ጾም ገብቷል አለችኝ። ለዚያ ድስት ማማሰያ እንኳ ሌላ ነበር የያዘችው። ማታ ጋሽ ወልዴና እትዬ አስካለ መጥተው በሉ። ጋሽ ወልዴ ታጥበው ስለመጡ እንደገና ልጃቸው መስለውኝ ነበር።

ከዒድ በኋላ የምሳው ሥራዬ ተመለሰ። በመጀመሪያው ቀን እናቴ ሳህኑን በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። ደስ ብሎኝ ሮጥኩ። ትሪው ይቀርባል፣ ጣሳውም ሚስማሩ ላይ ተመልሷል ብዬ ነበር።

ሚስማሩ ባዶ ነው። ጀሪካኑም የለም።

አባቴ በርበሬው ላይ ነው። ሻሹ አፍንጫው ላይ ታስሯል። ጋሽ ወልዴ እህል ይፈጫሉ፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ወደ አባቴ ተጠግቼ ወደ ሚስማሩ ጠቆምኩት። ሻሹን ዝቅ አድርጎ በጆሮዬ፣ “የወልዴ ጾም አላለቀም” አለኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምሱም ነበር።

ሳህኑን ይዤ ማዳበሪያዬ ላይ ወጣሁና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሙቀቱ በቀሚሴ አልፎ ይሰማኛል። የጎመኑ ሽታ በርበሬውን አልፎ አፍንጫዬ ይደርሳል። እኔም አልበላሁም ነበር። እትዬ አስካለ መጥተው፣ አንቺ ልጅ ነሽ፣ ጓሮ ሄደሽ ቅመሺ አሉኝ። አልራበኝም አልኳቸው። የቀትሩ ቀይ ብርሃን ከእግሬ ሥር ተነስቶ ወደ ግድግዳው ወጣ። ሳህኑ ጭኔ ላይ ቀስ ብሎ ቀዘቀዘ።

በረመዳን እስከ ምሳ ሰዓት መጨረስ ያቃተኝ ልጅ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ጋሽ ወልዴ ሞተሩን አጥፍተው እጃቸውን እስኪታጠቡ ድረስ ቋጠሮውን አልፈታሁም።